«ከእድሩ ስሜ ተሰረዘ»፦ በእምነታቸው ምክንያት ለተገለሉ አንባቢዎች

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው አምስቱም ደብዳቤዎች የመጡት ከጎንደር ነው። አራቱን የጻፉት በክርስትና እምነታቸው ምክንያት ከቤት፣ ከእድር፣ ከሥራ ወይም ከዘመድ የተገፉ ሰዎች ናቸው። አምስተኛዋ ልጇን እንድትገፋ የሚመክሯት በዝተውባት የጨነቃት እናት ናት። የማን ትምህርት ትክክል ነው የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣም፤ እሱ የሊቃውንቱና የሰባኪዎቹ ድርሻ ነው። እኛ የምንጽፈው ስለ መታወቂያና ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ቀብር ነው፤ ሰው ሲገለል መጀመሪያ የሚጎድሉበት እነዚህ ናቸውና።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 22 ነው፤ ማራኪ ሠፈር ከወላጆቼ ጋር እኖራለሁ። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ከወንጌላውያን ጋር አመልካለሁ። አባቴ በቅርቡ ሰምቶ «እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ትመለሳለህ ወይ ከቤቴ ትወጣለህ፤ ከእኔም አንዲት ጭልፋ አትወርስም» አለኝ። እናቴ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሊያባርር የቆረጠ አባት ቀጠሮ አይሰጥም። እስከ ወሩ መጨረሻ ማለቱ ሽማግሌ እየጠበቀ ሊሆን ይችላልና ሽማግሌ ላክ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የጉባኤያቸውን መጋቢ ወይም ወንጌላዊ ይልካሉ፤ አባትየው ደግሞ «ልጄን የወሰደብኝ ሰው ጭራሽ ደጄ መጣ» ብሎ ይብስበታል። የሚላኩት አባትህ የሚያፍራቸው ሰዎች ይሁኑ፦ የክርስትና አባትህ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ አብሮት ጽዋ የሚጠጣ ወዳጁ። ሦስት ይበቃሉ። የሚለምኑትም ነገር ልክ ይኑረው። «እምነቱን ይቀበሉለት» ብለው ከጀመሩ ሽምግልናው እዚያው ያበቃል። «እስከ ፋሲካ ቤቱ ይቆይ፤ እስከዚያ ሥራ ይፈልግ» ቢሉ ግን አባትህ እምነቱን ሳይነካ እሺ ሊል የሚችለው ነገር ነው።

ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ አንተም የምትሰጠው ነገር ያስፈልጋል፤ ሳትዋሽ የምትሰጠው ደግሞ ብዙ አለህ። ለታናናሾችህ ቤት ውስጥ አትስበክ። መዝሙርህን በጆሮ ማዳመጫ ስማ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55ቱን ቀን፣ ወተትና ሥጋ ወደ እናትህ ጓዳ አታስገባ። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ ሕሊናህን ከከበደው ከረከቦቱ ራቅ ብለህ በሩ አጠገብ ተቀመጥ፤ ቡናውን ካልፈለግህ ሻይ ጠይቅ፤ ብቻ ተነሥተህ አትውጣ። እናትህን የሚያስከፋት የመቀመጫህ ባዶ መሆን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያቃጥሉት ግን ማተብና መስቀል ናቸው። ማተብህን ለማውለቅ ከወሰንህ በመቀስ ቆርጠህ አትጣለው፤ ቋጠሮውን ፈትተህ አጣጥፈህ አስቀምጠው። በእኛ አገር «ማተቡን በጠሰ» የሚባለው ቃሉን የበላ፣ የማይታመን ሰው ነው፤ እናትህ የተቆረጠ ክር አልጋ ሥር ስታገኝ የምትሰማው ይህንኑ ነው። የንስሐ አባታችሁ ቤት ሲመጡ ደግሞ መኝታ ቤት ገብተህ በር አትዝጋ። ተነሥ፣ ጎንበስ ብለህ «እንደምን አሉ አባ» በል፣ መቀመጫ አምጣ። መስቀል እንደማትሳለም ለእናትህ ከቀኑ ቀደም ብለህ ንገራት፤ እሷ ለአባ ሹክ ካለች እሳቸውም መስቀሉን ወደ አንተ ሳይዘረጉ ያልፋሉ፤ ሰው ፊት የሚፈጠረው ግብግብ በዚህ ይቀራል።

ሽምግልናው ባይሳካስ? ተቆጥቶ ከቤት የሚወጣ ሰው ልብሱን ይዞ ወረቀቱን ይረሳል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ሲያገኝ ማስረጃው አባቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አሁኑኑ የልደት ምስክር ወረቀትህን፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤትህን፣ የኮሌጅ ማስረጃህን፣ የባንክ ደብተርህንና መታወቂያህን ባንድ ኪስ ሰብስብ፤ ፎቶ አንሥተህም ለምታምነው ሰው ላክ። ፋይዳ ካላወጣህ አውጣ። የቀበሌ መታወቂያህ የተመዘገበው በወላጆችህ ቤት ቁጥር ስለሆነ ሌላ ቀበሌ ስትገባ መሸኛ ትጠየቃለህ፤ መሸኛውን ጠብ ሳይነሣ ብትጠይቅ ይቀልሃል። በራስህ ሒሳብም ቢያንስ የሁለት ወር የቤት ኪራይና የአንድ ወር ቀለብ ይኑርህ። መጀመሪያ የምታርፍበት ቤት የአክስትህ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛህ ይሁን እንጂ የጉባኤው መሪ ቤት አይሁን፤ ምክንያቱ ቅድም ያልነው ነው። የት እንዳለህ እናትህ ትወቅ።

ስለ ውርሱ አትጨነቅ። አባት በቃል «ነቅዬሃለሁ» ስላለ ልጅ አይነቀልም። በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ልጅን ለመንቀል ኑዛዜ ያስፈልጋል፤ ኑዛዜው ውስጥም ምክንያቱ መጻፍ አለበት፤ ያ ምክንያት ለመንቀል የሚያበቃ መሆን አለመሆኑን ፍርድ ቤት ይመዝናል። ይህን ለራስህ ያዘው፤ አባትህ ፊት አታንሣው።

ጥያቄ፦ የ47 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዘዞ እኖራለሁ። በሠፈሩ እድር 14 ዓመት አባል ነበርሁ። ጸሎት ቤት መሄዴ ከታወቀ ወዲህ ገንዘብ ያዡ መዋጮዬን አልቀበልም አለ፤ ጸሐፊውም ስሜ እንደተሰረዘ ነገረኝ። እናቴ 80 ዓመት አልፏታል፤ ኦርቶዶክስ ናት፤ የምትኖረው እኔ ጋ ነው። አንድ ነገር ብትሆን ማን ይቀብርልኛል? እኔንስ?

መልስ፦ እህታችን፣ በመጀመሪያ የሰረዘዎት ማኅበር ምን ዓይነት እንደሆነ እንለይ። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር የቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ጽዋው የሚጠጣው በታቦት ስም ነው። ከእምነቱ የወጣ ሰው እዚያ ቦታ ይገባኛል ብሎ መሟገት አይችልም፤ ራሱ በክብር ቢሰናበት ይሻላል። የሠፈር እድር ግን በጉርብትና የቆመ የቀብርና የሐዘን መረዳጃ ነው። ችግሩ ብዙ እድሮች ሁለቱን ቀላቅለው መያዛቸው ነው፤ ስብሰባቸው በጸሎት ይከፈታል፣ ዓመታዊ ዝክር አላቸው፤ ደንባቸው ሲነበብ ግን ስለ ሃይማኖት የሚለው ነገር ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ መተዳደሪያ ደንቡን ያግኙ። ሁለት ቦታ ብቻ ይፈልጉ፦ አባል መሆን የሚችለው ማን ነው የሚለውንና አባል የሚሰረዘው በምን ጥፋት ነው የሚለውን። የተለመደው መስፈርት የሠፈሩ ነዋሪ መሆን ነው፤ የተለመደው መሰረዣ ደግሞ መዋጮ ማጠራቀምና በተደጋጋሚ ከቀብር መቅረት ነው። እምነት እዚያ ውስጥ ካልተጠቀሰ የሚናገሩበት መሬት አለዎት።

ከሁሉ በፊት ግን መክፈልዎን እንዳያቆሙ። ሰው ይቀየምና «ካልፈለጉኝ ምን አገባኝ» ብሎ ይተዋል፤ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ባለመክፈሉ ይሰረዛል፤ ያን ጊዜ ስረዛው በደንቡ መሠረት ሆኖ ቁጭ ይላል። በመክፈያው ቀን ሁለት ምስክር ይዘው ይሂዱ። ብሩን አውጥተው ያቅርቡ። ገንዘብ ያዡ እምቢ ካለ ቀኑን፣ የብሩን መጠንና የምስክሮቹን ስም ወረቀት ላይ አስፍረው ምስክሮቹን ያስፈርሙ፤ ብሩን በፖስታ ለብቻው ያስቀምጡት፤ ቢቸግርዎትም አይንኩት። ወር በወር እንዲህ ያድርጉ። የድሮ ደረሰኞችዎንና የመዋጮ ደብተርዎን አብረው ያኑሩ።

ከዚያ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ሰጥተው ሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙልዎት ያድርጉ። አጭር ይሁን፦

«ለእድሩ ሥራ አመራር። ላለፉት 14 ዓመታት አባል ሆኜ መዋጮዬን ሳላቋርጥ ከፍያለሁ። ስሜ እንደተሰረዘ በቃል ተነግሮኛል። የተሰረዝሁበት የደንቡ አንቀጽና የውሳኔው ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ ጉዳዬም በጠቅላላ ጉባኤ እንዲታይልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ላይ መድልዎ፣ ክስ፣ ሕገ መንግሥት የሚሉ ቃላት አያስገቡ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም የመረጠውን እምነት የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የእድሩ ዳኛም ይህን አያጡትም። መጀመሪያ ቀን ከተጠቀሰባቸው ግን ነገሩ የማሸነፍና የመሸነፍ ይሆንና የሚደግፉዎት ጎረቤቶች ሳይቀሩ ዝም ይላሉ።

ጠቅላላ ጉባኤው ላይ የሚነሣብዎትን ቅሬታ ከወዲሁ ይወቁ። «እሷ እምነቷን ስለለወጠች» የሚል ጥቂት ነው፤ የሚባለው «ቀብር አትወጣም» ነው። እውነትም ብዙ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ላለመግባት ብለው አስከሬኑ ሲነሣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ሐዘንተኛው የሚያየው ጀርባቸውን ነው። እስከ ቅጽሩ በር ድረስ አብረው ይሂዱ፤ መግባት ሕሊናዎ ካልፈቀደ ፍትሐቱ እስኪያልቅ በር ላይ ይቁሙ፤ ከዚያ ከሐዘንተኛው ጋር ይመለሱ። ሦስቱን ቀን ድንኳን ውስጥ ይቀመጡ። ምግብ ሲወስዱ ቀኑን ይዩ፤ በረቡዕ ለቅሶ ቤት የቅቤ ወጥ ይዞ መድረስ ከመቅረት ይከፋል። የተራ ሥራ ላይ ጠላ መጥመቅ ካስቸገረዎት «የጠላውን ተራ በእንጀራ ለውጡልኝ» ብለው በጉባኤው ፊት ይጠይቁና በምዝገባ ይያዝልዎት። እንጀራ መጋገርና ውኃ መቅዳትም ጉልበት ስለሚጠይቁ የሚቃወም አይበዛም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ቢሉ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። እኛ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን እንላለን፤ በፍርድ የተመለሰ አባል ጡሩንባ ሲነፋለት ሰው ላይወጣለት ይችላልና። ከዚያ በፊት የቀበሌውን የአገር ሽማግሌዎች ይሞክሩ። መመለሱ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ የዕቃና የገንዘብ ድርሻዎ ተሰልቶ እንዲከፈልዎት ይጠይቁ።

አሁን ወደ እናትዎ። የእሳቸው ቀብር የእድሩን ያህል የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው፤ የእርስዎ መለወጥ የእሳቸውን ቦታ አይነካም፤ እንዳይነካ ግን በሕይወት እያሉ መሠራት ያለበት ሥራ አለ። የንስሐ አባታቸው ቤትዎ መምጣታቸውን እንዳያቋርጡ ራስዎ ሄደው ይጋብዟቸው። የሰበካ ጉባኤ ክፍያቸው በራሳቸው ስም ይከፈል፤ ደረሰኙ ከመታወቂያቸው ጋር በአንድ ቦርሳ ይቀመጥ። ለበዓልና ለቁርባን ማድረስ ካስፈለገ ያድርሷቸው። ፍትሐትና ተዝካር በተመለከተ ፈቃዳቸውን አሁን ይጠይቋቸው፤ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ባለበት ይናገሩ፤ ያ ዘመድ ካህናቱ ፊት የሚቆምልዎት ባለ ሐዘን ይሆናል። እሳቸው የፈለጉት ፍትሐት ላይ እርስዎ አይከራከሩ።

እኛ አገር አስከሬን ብዙ አይቆይም፤ ያን ቀን የመደራደሪያ ጊዜ የለም። ስለዚህ እድሩ ባይመለስ ድንኳንና ወንበር ከየት እንደሚከራይ፣ ሳጥኑን ማን እንደሚገዛ፣ መኪናውን ማን እንደሚጠራ ሦስት ሰው በስም መድበው ስልካቸውን አንድ ወረቀት ላይ ይያዙ። ከቀብር በኋላ ደግሞ ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ይመዝገብ፤ የሞት ምስክር ወረቀት ሳይያዝ የወራሽነት ጥያቄ አይንቀሳቀስም።

ለራስዎ የጸሎት ቤትዎን ሽማግሌዎች ይህን ይጠይቋቸው፦ መቃብራችን የት ነው? ጉድጓድ የሚቆፍረው ማን ነው? ምእመናኑ የራሳቸው እድር አላቸው? ካላቸው ይግቡ። የሠፈሩን ግን በዚያ ተማምነው አይተዉት። የጉባኤው ሰዎች በከተማው ዳር ዳር ተበታትነው ነው የሚኖሩት፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት ጩኸትዎን ሰምታ የምትደርሰው የአጥር ጎረቤትዎ ናት።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አለቃዬ እምነቴን ከሰማ በኋላ «ከደንበኞቻችን ጋር አትሄድም» ብሎ አሰናበተኝ። በፈቃዴ እንደለቀቅሁ የሚል ወረቀት ላይ ፈርም ብሎኛል።

መልስ፦ አትፈርም። ፊርማህ ካረፈበት በኋላ ተባረርሁ ማለት በጣም ይከብድሃል። «የስንብቱ ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ» በል፤ ካልሰጡህ ይህን የጠየቅህበትን ደብዳቤ ቅጂ ያዝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሃይማኖትን ለስንብት ምክንያት አድርጎ መውሰድን በግልጽ ከልክሏል።

ቀን መቁጠር ጀምር። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ከተሰናበትህበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ «ይጠሩኝ ይሆናል» እያለ ሁለት ወር ቤቱ ይቀመጣል። ውልህን፣ የደመወዝ ማስረጃህን፣ አለቃህ ያን ቃል ሲናገር የሰማውን ባልደረባህን ስም ይዘህ ሂድ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቅ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለና መመለስ ካልተቻለ፣ ውልህ ላልተወሰነ ጊዜ ከነበረ የአማካይ የቀን ደመወዝህ 180 እጥፍና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ካሣ አለ። የሥራ ልምድ ወረቀትህን ክስ ብትመሠርትም ባትመሠርትም የመጠየቅ መብት አለህ። ደብዳቤህን ያነበበ ሌላ አንባቢ ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ካለ ግን ይወቅ፤ በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ስለሚችል ክርክሩ ከዚህ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ያደግሁት በሙስሊም ቤተሰብ ነው። ዕድሜዬ 24 ነው። ከስድስት ወር በፊት በኦርቶዶክስ ተጠመቅሁ። ቤተሰቦቼ «ለእኛ ሞታለች» ብለዋል፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የተከራየሁበትን ሠፈር እያጠያየቀ ነው። እናቴ ትናፍቀኛለች።

መልስ፦ እህታችን፣ «ሞታለች» ማለትና ሠፈር ማጠያየቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሐዘን ነው፤ ጊዜ ይፈታዋል። ሁለተኛውን ዛሬውኑ በቁም ነገር ያዢው። ወንድምሽ ምን ብሎ፣ ለማን፣ በስንት ቀን እንደተናገረ ጻፊ። የላከልሽን መልእክትና የድምፅ ቅጂ አታጥፊ፤ በሌላ ሰው ስልክም ይቀመጥ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አመልክቺ፤ የመዝገቡን ቁጥር ሳትይዢ አትውጪ። ለአከራይሽ «የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ የለችም በሉ» ከማለት ይልቅ ነገሩን በግልጽ ንገሪያቸው፤ ያላወቀ ሰው ሳያስበው በር ይከፍታል። የጥምቀትሽን ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጥፈሽ ከሆነ አንሺው። የተለጠፈ ፎቶ ቤተሰብን ዘመድ አዝማድ ፊት ያዋርዳል፤ በዝምታ ሊያልፉት የነበረውንም ነገር እንዲበቀሉ ይገፋፋቸዋል።

አሁን ከማንም በላይ የምታስፈልግሽ ክርስትና እናትሽ ናት። ክርስትና ማንሣት በእኛ ባህል ዝምድና ነው፤ ለአዋቂ ተጠማቂ ግን አንዳንዴ የዕለቱ ሥነ ሥርዓት ሆኖ ይቀራል። ሄደሽ እቅጩን ንገሪያት፦ «በዓል ቀን የምውልበት ቤት የለኝም፤ ብታመም የሚጠራ ሰው የለኝም።» ስልኳ የቅርብ ተጠሪ ተብሎ በመሥሪያ ቤትሽ ይመዝገብ። እሷ ካልቻለች የንስሐ አባትሽ ሌላ ቤተሰብ እንዲያስጠጉሽ ጠይቂ።

ስለ ስም፦ የክርስትና ስምሽ ለቤተ ክርስቲያን ይበቃል። መታወቂያሽ ላይ ለመለወጥ አትቸኩዪ፤ የትምህርት ማስረጃሽ በቀድሞ ስምሽ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ሳይገጥም ሥራ ያስከለክልሻል።

እናትሽን በሦስተኛ ሰው ቤት አግኚያት። የእናት እህት ብትሆን ጥሩ ነው። ስትሄጂ ቡናና ስኳር ያዢ፤ የበሰለና የታረደ ነገር አትውሰጂ። እነሱም ቢያቀርቡልሽ የእርዱ ጉዳይ እንዳይነሣ ሽሮና ምስር ያለበትን ቀን፣ ማለትም የእኛን የጾም ቀን ምረጪ፤ ጾመኛ ነኝ ማለት ሥጋችሁን አልበላም ከማለት ይቀላል። መስቀልሽ ከልብስሽ ውስጥ ይዋል። በዒድ ቀን ለእናትሽ ደውለሽ «እንኳን አደረሰሽ» በያት። ባታነሣም ቁጥርሽን ታያለች።

ወደፊት የውርስ ክርክር ቢነሣና ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ቢደርስሽ ዝም አትበዪ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ፈቃደኛ አለመሆንሽን በቀጠሮው ቀን በጽሑፍ ካስታወቅሽ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። ዝምታሽ ግን እንደ ፈቃድ ሊወሰድ ይችላል።

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ልጄ ማተቡን አውልቆ ሌላ ጸሎት ቤት ይሄዳል። አዘዞ ቤት ተከራይቷል። ጎረቤት «በርሽን ዝጊበት፣ ያን ጊዜ ይመለሳል» ይለኛል። አጎቱ ደግሞ በግድ ጸበል እንውሰደው ይላል። ጥምቀት ደርሷል። ላስገባው?

መልስ፦ እናታችን፣ ያስገቡት።

የአጎቱን ሐሳብ ቶሎ ይቁረጡት። አዋቂ ሰውን አስሮ መውሰድ በሕግ ያስጠይቃል፤ ጸበልም ቢሆን በእምነት የሚቀርቡት እንጂ በግድ የሚረጩት አይደለም። በዚህ መንገድ ተይዞ የተወሰደ ልጅ ዳግመኛ የእናቱን ቤት በር አያምንም፤ ሲጠሩት ወጥመድ ይመስለዋል። ልጅዎ እንቅልፍ ካጣ፣ ብቻውን የሚያወራ ከሆነ፣ ምግብ ከተወ ያ ሕመም ነውና ሐኪም ይየው። እምነት መለወጡ ብቻውን ግን ሕመም አይደለም።

እሱ ያለበት አዘዞ ገነተ ኢየሱስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩን ሁሉ ወደዚያ ለማስገባት ሲሞክሩ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ተዋሕዶን መለሱ፤ ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ኋላም ጎንደርን ቆረቆሩ። አባታቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሞቱ፣ ሚሲዮናውያኑ እንደጻፉት፣ ካቶሊክ እንደሆኑ ነበር። የተቀበሩት ገነተ ኢየሱስ ነው። በሃይማኖት የተለያዩ አባትና ልጅ ጎንደር ላይ ከእናንተ በፊትም ነበሩ፤ ልጁም አባቱን ሜዳ ላይ አልጣለም።

ጎረቤት ሲጠይቅዎት ረጅም መልስ አይስጡ። «ልጄ ነው፤ እጸልይለታለሁ» ብለው ወሬውን ይለውጡ። ማብራራት ከጀመሩ ክርክሩ ወደ ቤትዎ ይገባል።

ለጥምቀት እንዲህ ያድርጉ። ጥር 10 ገሀድ ስለሆነ ጾም ነው፤ ያን ቀን አይጥሩት። የሚጠሩት ጥር 11 ታቦታቱ ከፋሲለደስ መጠመቂያ ከተመለሱ በኋላ ለምሳ ነው። አብሮ ታቦት እንዲያጅብ አይጠይቁት፤ ሰዓቱን ብቻ ይንገሩት። አጎቱ በዚያ ሰዓት አይኑር፤ ለማታ ይጥሩት። ለዝክር ያዘጋጁት ዳቦና ጠላ ካለ ለይተው ያስቀምጡ፤ ያን አልቀምስም ቢል አይቀየሙት፤ ወጡ ይበቃዋል። ገበታ ላይ እምነት አይነሣ። ሥራው እንዴት እንደሆነ፣ ቤት ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ የሚያበስልለት ሰው እንዳለ ይጠይቁት። ሲወጣ እንጀራና ድርቆሽ ቋጥረው ይስጡት፤ ሳህኑን መቼ እንደሚመልስም ቀን ይቅጠሩት።